ከእርግጫው በፊት ያለው ትምህርት

ልጆች የካራቴ ፊልም ሲያዩ ዓይናቸው እርግጫው ላይ ነው። «ዘ ካራቴ ኪድ» የተሰኘው እ.ኤ.አ. የ1984 ፊልም ግን ዋና ትምህርቱን ያስቀመጠው ከእርግጫው በፊት ነው። ዳንኤል የተባለ ልጅ የሚደበድቡትን እኩዮቹን ለመመከት ሚያጊ የተባሉ አዛውንት ካራቴ እንዲያስተምሩት ይለምናል። እሳቸው ግን መኪና ያስወለውሉታል፤ የእንጨት ወለል በብርጭቆ ወረቀት ያስፈገፍጉታል፤ አጥር ያስቀቡታል። ልጁ ተናዶ ሊሄድ ሲነሣ ነው እጁ ሳያውቀው መከላከልን መልመዱን የሚያሳዩት።

ይህን ክፍል ልጆች ማሳለፍ ይወዳሉ። አያት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ላምበረት የሚኖሩ የአንድ ተማሪዬ አያት ፊልሙን ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲያዩ፣ ወሎ ውስጥ ደረሳ ሳሉ ለሸኻቸው ውሃ መቅዳታቸውን፣ እንጨት መልቀማቸውን አጫወቱት። ከዚያ በኋላ የልጁ ጥያቄ ሁሉ ስለ አያቱ ሸኽ ሆነ።

ፊልሙ የሚያበቃው ፊት ላይ በሚያርፍ እርግጫ ነው። ልጅ ይህን ታናሹ ላይ ሊሞክረው ይችላል። ሚያጊ ራሳቸው ካራቴ ለመከላከያ ብቻ መሆኑን ደጋግመው ያስተምራሉ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ሰው ማለት ሌላውን የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ራሱን የሚገዛ መሆኑን አስተምረውናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

እናንት አያቶች፣ «የልጅ ነገር ነው» ብላችሁ አትነሡ። አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሊያሳልፈው ሲል «ቆይ፣ ይህን እንየው» በሉት። ፊልሙ ያላወቀውን የእናንተን ታሪክ የሚሰማው ያኔ ነው።