ወጥመድ ወር አይቆጥርም፦ ስለ ትናንሽ የዱር እንስሳት አደን፣ ወቅትና ሕግ

በከፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በዴቻ ወረዳ የሚገኘው የማንኪራ ደን በአብዛኞቻችን ዘንድ የሚታወቀው በቡናው ነው። በዚሁ ደን ውስጥና በደኑ ዳር ግን ሚዳቋና ድኩላ፣ ጃርትና የዱር አሳማ፣ ጉሬዛና ጥርኝ፣ ቆቅና ጅግራም ይኖራሉ። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነሣ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጡት ዝሆን፣ አንበሳና ዋልያ ስለሆኑ እነዚህ ትናንሾቹ ብዙውን ጊዜ ሳይታወሱ ይቀራሉ። በየጫካው ጥግ በሚዘረጋ የሽቦ ሸምቀቆ የሚያልቁት ግን በአመዛኙ እነርሱ ናቸው።

በብዙ አገሮች ትናንሽ የዱር እንስሳት የሚጠበቁት የአደንን ወቅት በመክፈትና በመዝጋት ነው። በእነዚህ ወራት አድኑ፣ በእነዚህ ደግሞ ተዉ ይባላል። ይህ ዘዴ ለማንኪራ ይሠራልን? በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው።

የአደን ወቅት ከየት መጣ?

የአደን ወቅት የሚባለው ሐሳብ የተወለደው ክረምቱ በረዶ በሆነባቸው አገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ዩናይትድ ስቴትስ ካናዳን ከወከለችው ብሪታኒያ ጋር ስለ ተሰዳጅ አእዋፍ ያደረገችውን ስምምነት ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። ስምምነቱ የሚታደኑ ተሰዳጅ ወፎች ከማርች 10 እስከ ሴፕቴምበር 1 ባለው ጊዜ እንዳይገደሉ ከልክሏል። ለምን እነዚህ ወራት ተመረጡ? ወፎቹ ጎጆ የሚሠሩት፣ እንቁላል የሚታቀፉትና ጫጩት የሚያሳድጉት በዚሁ ጊዜ ስለሆነ ነው።

በእነዚያ አገሮች እንስሳቱ የመራቢያ ጊዜያቸውን የሚያውቁት በቀን ርዝመት ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 50 ዲግሪ ላይ የብርሃኑ ሰዓት በታኅሣሥ ወደ 8 ሲወርድ በሰኔ ወደ 16 ይደርሳል። አጥቢ እንስሳት በአንጎላቸው ውስጥ የምትገኝ ፒኒያል የተባለች ትንሽ ዕጢ አለቻቸው። ዕጢዋ በጨለማ ሰዓት ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ታመነጫለች፤ ሌሊቱ ሲረዝም የምታመነጭበት ጊዜም ይረዝማል። የመራቢያ አካላት «ጊዜው ደረሰ» የሚለውን መልእክት የሚቀበሉት በዚሁ መንገድ ነው። በዚህም የተነሣ ግልገሎቹ ሁሉ ሣር በሚለመልምበትና ብርድ በሚጠፋበት በአንድ ሰሞን ይወለዳሉ። ሕግ አውጪው የቀን መቁጠሪያውን የቀዳው ከዚህ የተፈጥሮ ሰዓት ነው።

ማንኪራ የምትገኘው ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እዚህ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዝናቡም ቢሆን በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ደኑ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሚዳቋ (በሳይንሳዊ ስሟ ሲልቪካፕራ ግሪሚያ) ወር መርጣ አትወልድም። በየትኛውም ወር እርጉዝ ሚዳቋ፣ በየትኛውም ወር ጡት የሚጠባ ግልገል ሊገኝ ይችላል። የድኩላም ነገር ከዚህ ብዙ አይለይም። ስለሆነም ለእነዚህ እንስሳት «ከዚህ ወር እስከዚህ ወር» የሚል ክልከላ ቢወጣ እናቶችን ከሌሎቹ ለይቶ ሊያድን አይችልም። የሚቀንሰው አደኑ የሚካሄድበትን የቀናት ብዛት ብቻ ነው።

የሚበላውና የማይበላው

ወቅት ካልሠራ ቁጥር ይሠራ ይሆን? ከአንድ የዱር እንስሳ ዝርያ ምን ያህል ቢወሰድ ዝርያው አይመናመንም የሚለውን ለመገመት ሮቢንሰንና ሬድፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ ቀላል ስሌት አቅርበው ነበር። በዚህ ስሌት መሠረት በዓመት ከሚገኘው ጭማሪ ላይ ዕድሜያቸው አጭር ከሆኑ እንስሳት እስከ 60 በመቶ፣ ከመካከለኞቹ እስከ 40 በመቶ፣ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ደግሞ እስከ 20 በመቶ ቢወሰድ ነው ጉዳት ላይደርስ የሚችለው።

ይህንን በምናባዊ ምሳሌ እንመልከተው። በአንድ ጫካ 100 ሚዳቋዎች አሉ እንበል፤ ግማሾቹ እንስቶች ናቸው። ሚዳቋ ስድስት ወር ገደማ አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ በዓመት 50 ግልገሎች ይወለዳሉ ብለን እንነሣ። ከእነዚህ ግማሹ በበሽታና በአውሬ ቢሞት የሚቀረው 25 ነው። የዚህ 40 በመቶ 10 ይሆናል። አሁን በዚሁ ጫካ አንድ ሰው 20 ሸምቀቆ ቢዘረጋና እያንዳንዱ ሸምቀቆ በዓመት አንድ ሚዳቋ ብቻ ቢይዝ፣ ጫካው ሊሸከመው ከሚችለው እጥፍ ተወሰደ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሰውና ጥቂት ሜትር ሽቦ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ጥንቸል አርባ ቀን ገደማ አርግዛ በዓመት ደጋግማ ትወልዳለች፤ በሥነ ሕይወት ሚዛን ብቻ ቢታይ ከሁሉ የተሻለ አደንን የምትችለው እርሷ ናት። ነገር ግን በኦርቶዶክስ ክርስትና ሥርዓት ጥንቸል አትበላም። የሚበሉት ሰኮናቸው የተሰነጠቀና የሚያመሰኩ፣ ማለትም አንድ አንድ የሚወልዱት ሚዳቋና ድኩላ ናቸው። የማዕድ ሥርዓታችን ቶሎ የምትበዛውን ትቶ ቀስ ብለው የሚበዙትን ለአዳኝ አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል ይኸው ሥርዓት ጉሬዛን፣ ጃርትንና የዱር አሳማን ከብዙ ሰው ድስት አድኗቸዋል። በከፋ እነዚህን በማደንና በመብላት የሚታወቁት ማንጆ በመባል የሚጠሩት የኅብረተሰብ ክፍሎች ነበሩ። በዚሁ ምክንያት ከጎረቤቶቻቸው ማዕድ ተገልለው መኖራቸው የአካባቢው ታሪክ አሳዛኝ ገጽ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በእርሻ፣ በማገዶና ከሰል ሽያጭ እንዲሁም በጫካ ማር ነው። የአደን ሕግ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚነካው እንዲህ ከደኑ ጋር ተጣብቆ የኖረውን ሰው መሆኑ፣ በእኛ አስተያየት፣ ሊዘነጋ አይገባም።

ሕጋችን ምን መንገድ መረጠ?

በአገራችን አደንን የሚመለከት የመጀመሪያው ሕግ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ያወጡት እንደሆነ ይነገራል፤ ትኩረቱም ዝሆን ላይ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 416 እንስሳትን በሠንጠረዥ ከፋፍሎ አደንን በፈቃድና በክፍያ አሰረው። ከዚያም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2000 ተከተሉ። አዋጁ ሲወጣ ያለ ፈቃድ ለሚያድን ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ደንግጓል።

በእነዚህ ሕጎች የጥበቃው ዋና ምሰሶ የወር ቆጠራ ሳይሆን ፈቃድ ነው። የቱሪስት አደን ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች፣ በኮታና በየእንስሳው በሚከፈል ዋጋ ይካሄዳል፤ ኮታውም በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ያነጣጠረ ነው። አንድ ወንድ ብዙ እንስቶችን ስለሚያስረግዝ ጥቂት ወንዶች ቢጎድሉ የሚወለደው ግልገል ቁጥር ብዙም አይቀንስምና አሠራሩ ሥነ ሕይወታዊ መሠረት አለው። ይሁንና ሥርዓቱ የተቀረጸው ጠመንጃ ይዞ ቀንዱን አይቶ ለሚተኩስ አዳኝ ነው። ጫካ ዳር ሽቦ አስሮ ለሚሄድ ሰው አልተቀረጸም።

ሸምቀቆ ቀንድ አያይም፤ ወንድና ሴት፣ እርጉዝና መካን አይለይም። አጥማጁ ቶሎ ካልተመለሰም የተያዘው እንስሳ በስብሶ ወይም በሌላ አውሬ ተበልቶ ይቀራል። በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ደን በተደረገ ጥናት በሸምቀቆ ከተያዙት እንስሳት ሩብ ያህሉ በዚህ ዓይነት ለማንም ሳይጠቅሙ ባክነዋል።

ሁሉም ወጥመድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጥርኝን ከነሕይወቱ የሚይዝ ወጥመድ በከፋና በአጎራባች አካባቢዎች የቆየ ነው። ከጥርኝ የሚገኘው ዝባድ በቀንድ እየታሸገ ሲሸጥ ኖሯል፤ ሽታውን የሚሰጠው ሲቬቶን የተባለው ውሁድ አሥራ ሰባት የካርቦን አቶሞች ያሉት ቀለበት መሆኑን ሊዮፖልድ ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1926 አረጋግጧል። ለዝባድ የሚፈለገው ወንዱ ስለሆነ ሴቷ ብትያዝ ልትለቀቅ ትችላለች። በጠባብ ጎጆ ታስሮ የሚኖረው ወንድ ስቃይ ሌላ ብርቱ ጥያቄ ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍም ያሻዋል።

ለቡናውስ?

እንስሳቱ ቢያልቁ ደኑ ይቆማልና ምን ቸገረን የሚል አይጠፋም። ሬድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን፣ ዛፉ ቆሞ እንስሳው ያለቀበትን ደን፣ «ባዶ ደን» ብሎታል። ጦጣዎች፣ ጥርኞችና ፍሬ በል ወፎች ቀይ የቡና ፍሬ ይበላሉ። ጥርኝ በተለይ አንድን ቦታ መርጦ ደጋግሞ ስለሚጸዳዳ ከሆዱ የወጣው ዘር በዚያ ተከማችቶ ሊበቅል ይችላል። ዘር የሚያጓጉዘው ከጠፋ አዲሱ ችግኝ ከእናቱ ሥር አይርቅም፤ የዱር ቡና የዘረመል ብዝኃነትም በጊዜ ብዛት ይጎዳል።

የበቆሎው ወር

በእርግጥ በከፋ ያልተጻፈ የአደን ወቅት አለ። የሚወስነውም የእንስሳቱ መራቢያ ሳይሆን በቆሎው ነው። እሸቱ ሲያፈራ ዝንጀሮ በቀን፣ ጃርትና የዱር አሳማ በሌሊት ይመጣሉ፤ እንሰትና ጎደሬ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሥሩ ይቆፈራል። ገበሬው ማማ ሠርቶ ሌሊቱን ያድራል፤ ሲደክመው ሸምቀቆ ያጠምዳል። ለጃርት የተጠመደው ግን ሚዳቋ ይይዛል። በሰብል ላይ ጉዳት የሚያደርስ እንስሳን በተመለከተ ለሚመለከተው አካል ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን ምላሹ እስኪመጣ እሸቱ አይጠብቅም።

ስለዚህ ለማንኪራ የሚስማማ ደንብ ቢታሰብ ከወር በፊት መሣሪያውን መመልከት ያለበት ይመስለናል፤ በመጀመሪያ ሽቦው ይቅር። ቀጥሎ ቦታው ይምጣ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው፣ ወደ 760 ሺህ ሄክታር የሚሰፋው የከፋ ባዮስፌር ክልል ዋና ቀጠና፣ መከላከያ ቀጠናና የልማት ቀጠና ተብሎ ስለተከፋፈለ ለዚህ የሚሆን መሠረት አለው። በቦንጋ አካባቢ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተቋቋሙት የአሳታፊ ደን አስተዳደር ማኅበራትም የራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ አላቸው። በየማሳው ዳር ስንት ሸምቀቆ እንደተገኘና ምን እንደያዘ በየወሩ መመዝገብ ለእነርሱ ከባድ ሥራ አይሆንም። የወር ገደብ ጥቅም ሊሰጥ የሚችለው ምናልባት ለቆቅና ለጅግራ ነው፤ እነርሱ ዝናብን ተከትለው መሬት ላይ ጎጆ ሠርተው ይታቀፋሉና። ከዚያ በፊት ግን በማንኪራ ዙሪያ የሚታቀፉት በየትኞቹ ሳምንታት እንደሆነ አንድ ሰው ጎጆዎቹን መቁጠር ይኖርበታል፤ ለሥነ ሕይወት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጥሩ ርእስ ነው።