አልነሣ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ

አሮጌ ላፕቶፕ በተማሪና በወጣት ሠራተኛ ቤት በቀላሉ የሚጣል ዕቃ አለመሆኑ የታወቀ ነው፤ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ እኅት እየተላለፈ ያገለግላል። አንድ ቀን አልነሣም ያለ እንደ ሆነ ግን የባለቤቱ ጭንቀት ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

ቀን በቢሮ እየሠራ ማታ የሚማር አንድ ወዳጃችን ባለፈው ሰሞን 10 ዓመት ያገለገለች ላፕቶፑን አቅፎ ወደ እኛ ዘንድ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ የቀሩት 4 ቀኖች ብቻ ነበሩ፤ ጽሑፉም ያለው በእርሷ ውስጥ ብቻ ነው። ማብሪያዋ ሲጫኑት መብራቷ ይበራል፤ ፋኗም ያጉረመርማል፤ ስክሪኗ ግን ድፍን ጥቁር ነው። አንድ ጠጋኝ «ፎርማት ትደረግ» ብሎት ኖሯል። ይህ በሽታውን ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት በሃርድ ዲስኩ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ሲሆን፣ የአምራቹ ምልክት እንኳ ያልታየባት ላፕቶፕ ገና ዊንዶውስ ዘንድ አልደረሰችም።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «የቆመችው የት ላይ ነው?» ተብሎ ነው። መብራትም ድምፅም ከሌለ ሶኬቱንና ቻርጀሩን መመርመር፤ መብራት ኖሮ ምስል ከሌለ ራሙን ወይም ስክሪኑን መጠርጠር ይገባል። ምልክቱ ታይቶ ከዚያ ወዲያ አልራመድ ካለ ግን ነገሩ ወደ ሃርድ ዲስኩ ወይም ወደ ዊንዶውስ ያመራል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ቶሎ ማጥፋት እንጂ ደጋግሞ መሞከር አይገባም።

የወዳጃችን ጉዳይ ሁለተኛው ዓይነት ነበርና በስልካችን መብራት ስክሪኑን ከጎን አየነው፤ የጠፋው የኋላ መብራቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምስሉ ደብዝዞ ይታይ ነበር። ምንም የለም። ቻርጀሩን ነቅለን፣ ባትሪውን አውጥተን፣ በውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲፈስ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነን ያዝን። (ያበጠ ባትሪ ያገኘ ሰው ግን ሊወጋው ወይም ሊጫነው አይሞክር፤ እሳት ያስነሣል።) ቻርጀሩን ሰክተን ብናበራት አሁንም ጥቁር ነው።

እንደ ገና ነቅለን የሆዷን ክዳን ፈታን፤ እጃችንን ብረት አስነክተን ሁለቱን ራሞች አወጣንና ወርቃማ ጥርሶቻቸውን በላጲስ ቀስ ብለን አሸን፣ ፍርፋሪውንም ጠረግን። አንዱን ብቻ መልሰን ስናበራት ምልክቱ ብቅ አለ! ወዳጃችን ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ቀረ።

ሰዓቷ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ ቀን ታሳይ ነበር። ይህም ሰዓቱን የምትጠብቀው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ መሞቷን ያመለክታል፤ ቀኑ ካልተስተካከለ ብዙ ድረ ገጾች አንከፈትም ይላሉ። ወዳጃችን ወዲያው ጽሑፉን ሊቀጥል ፈልጎ ነበር፤ እኛ ግን ሁሉንም ወደ ፍላሽ ሳይገለብጥ አንዲት ፊደል እንዳይነካ ከለከልነው።

ጽሑፉ በቀኑ ገባ። ሁለተኛው ራም ፈጽሞ ሞቶ ስለ ነበር ላፕቶፗ ዛሬም በአንዱ ብቻ እያዘገመች ትሠራለች።