ተሸሽጎ የሚኖረው ንዳድ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ የሐይቅን ውሃ ያያል፤ ከዚያም የአምባሰል ተራራ ይደቀንበታል። አየሩ ነፋሻ ነውና «እዚህስ ወባ ምን ልትሠራ ትመጣለች?» ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የሐይቁ ከፍታ 1900 ሜትር ገደማ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኢትዮጵያ የተነሣው ታላቁ የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን የፈጀው ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ባለው በዚሁ ዓይነት ወይና ደጋ ነበር። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ 150 ሺህ ያህሉም እንደ ሞተ ይገመታል። ወባ ያልለመዳትን ሰውነት ስታገኝ ክንድዋ ብርቱ ነው።

መኸር ሲደርስ ከወሎ ብዙ ጎልማሳ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። ከተመላሾቹ አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶም መድኃኒት ያገኛል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ እርሱ ሳይሆን፣ ምንም ሳይሰማው ጥቂት ተውሳክ በደሙ ይዞ ስለሚመለሰው ነው። የወባ ትንኝ ከእርሱ ቀድታ ለጎረቤቱ ልጅ ታቀብላለችና።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ የወባን ተውሳክ በደም ውስጥ ካየ ወዲህ ፍርዱ የማይክሮስኮፕ ሆኖ ኖሯል። ከጣት የተወሰደው ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ጊምዛ በሚባለው ቀለም ተነክሮ ይታያል። የሠለጠነ ዓይን በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም (ይኸውም የጠብታ ሃምሳኛ እጅ ያህል ነው) 50 ያህል ተውሳክ ካለ ያገኘዋል። ከዚያ ካነሰ ግን «የለበትም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ነገሩ ከሐይቅ አንድ ቅል ውሃ ቀድቶ «ይህ ሐይቅ ዓሣ የለውም» እንደ ማለት ነው።

ማይክሮስኮፕ ለሌለበት ጤና ኬላ የመጣው ፈጣን መመርመሪያ ብዙ ሞያ አይጠይቅም። ብዙው ዓይነት የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ ወባ የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን ነው። ተውሳኩ ግን፣ ብልጠቱን ተመልከቱ፣ ያን ፕሮቲን የሚያሠራውን ዘረ መል ጥሎ መኖርን አወቀበት! ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምትዋሰንባቸው ስፍራዎች 12,572 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከፋልሲፓረም ሕመም 9.7 በመቶ ያህሉ በዚሁ ሳቢያ ሊታለፍ እንደሚችል ገምቷል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 በመቶ ካለፈ መመርመሪያው ይለወጥ ይላል። መተማም የሱዳን ጠረፍ ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል።

የተሸሸገውን የሚያወጣው በኮሮና ጊዜ ስሙን ሁላችን የሰማነው ፒ.ሲ.አር. ነው። አሜሪካዊው ካሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 አስቦት፣ በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ዘዴው ተውሳኩን በዓይን አይፈልግም፤ የዘሩን ምልክት ያበዛል እንጂ። ከደሙ የተጣራው ፈሳሽ እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይሞቃል፤ በየዙሩ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። 30 ዙር ሲሞላ ከአንዱ ከቢሊዮን በላይ ይወጣል።

ሊቃውንቱ ያገኙት ማሻሻያ ደግሞ ደስ ያሰኛል። ቀድሞ ይፈለግ የነበረው የዘር ክፍል በአንድ ተውሳክ ውስጥ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ብቻ ይገኛል። ኋላ ግን በፋልሲፓረም ውስጥ 250 ጊዜ ያህል የሚደጋገም ክፍል ተመረጠ። በጨለማ ከሚጣራ አንድ ሰውና አብረው ከሚጣሩ 250 ሰዎች የቱ ይሰማል?

ደሙም የግድ በበረዶ ተጭኖ መጓዝ የለበትም፤ ጥቂት ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ እንደ ደብዳቤ ይላካል። ጉድለቱ ግን ከወረቀቱ የሚገኘው ደም ጥቂት መሆኑ ነው፤ ጥቂት ደም ደግሞ ጥቂት ተውሳክ ነው። ትኩሳት ያቃጠለው የውጫሌ ሕፃንም ደሙ ሩቅ ተልኮ መልስ እስኪመጣ ሊጠብቅ አይችልም። ለዚህ ላምፕ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን ሊቃውንት የታወቀው ዘዴ ተስፋ አለው፤ 65 ዲግሪ ገደማ በሆነ አንድ ሙቀት በአንድ ሰዓት ያህል ይፈጸማል።

ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥ ሌላ ደግሞ አለ። ቫይቫክስ የተባለው ወባ በጉበት ውስጥ ወራት ይተኛል፤ ያን ጊዜ በደም ውስጥ የለምና የትኛውም መሣሪያ አያየውም። ከመተማ ተመልሶ በኅዳር የተመረመረ ሰው በመጋቢት ሊንዘፈዘፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ የኅዳሩን ወረቀት ማሳየት አይበቃም፤ ጣቱ እንደገና መወጋት አለበት።