ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትና የምንበላው ጨው

እግሩ ያበጠ በሽተኛ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ታዞለት ከሐኪም ቤት ሲመለስ፣ ቤተ ሰቡ «ውሃውን የሚያወጣለት መድኃኒት ነው» ይላሉ። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። መድኃኒቱ በቅድሚያ የሚያስወጣው ጨውን ነው፤ ውሃው የሚወጣው ጨውን ተከትሎ ነው። ይህን አለማወቅ በሽተኛውን የሚጎዳ ስለ ሆነ፣ የኩላሊትን ሥራ በጥቂቱ መግለጽ ያስፈልጋል።

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይገኛሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ከደም አጣርተው ወደ ቀጫጭን ቱቦዎች የሚያሳልፉት ፈሳሽ 180 ሊትር ያህል ሲሆን፣ በውስጡ ከ1 ኪሎ የሚበልጥ ጨው አለ። ይህ ሁሉ በሽንት ቢወጣ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሊቆይ ባልቻለ ነበር። ነገር ግን ቱቦዎቹ ከመቶ 99 እጁን ወደ ደም ይመልሱታል። ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመለሰው በመጀመሪያው የቱቦ ክፍል ነው፤ ከመቶ 25 ያህሉ ደግሞ በጀርመናዊው ሊቅ ስም የሄንሌ ቀለበት በሚባለው ጠምዛዛ ክፍል ይመለሳል፤ የቀረው ጥቂቱ ከዚያ ወዲያ ባሉት ክፍሎች ነው።

ፉሮሴማይድ የተባለው መድኃኒት በሄንሌ ቀለበት ያለውን የጨው መመለሻ በር ይዘጋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን የሚዘጋው ቀጥሎ ያለውን ነው፤ በዚያ የሚያልፈው ጨው ጥቂት ስለ ሆነም ኃይሉ ለዘብ ያለ ነው። (ቀድሞ ለዚህ ሥራ የሜርኩሪ መርፌ ይሰጥ ነበር። በ1919 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቪየና አንድ የሕክምና ተማሪ፣ ለቂጥኝ የታዘዘ የሜርኩሪ መርፌ ሽንትን እጅግ ማብዛቱን ስላስተዋለ ነው። ሜርኩሪ መርዝ እንደ መሆኑ፣ በኪኒን መተካቱ ትልቅ ዕረፍት ነበር።)

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በአፍ የተወሰደ ፉሮሴማይድ የሚሠራው ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ኃይሉ ሲያልቅ ኩላሊት የጎደለበትን ለመተካት ያገኘውን ጨው ሁሉ አጥብቆ ይይዛል። ጠዋት ኪኒኑን የዋጠ ሰው ማታ ጨው የበዛበት ወጥ ከበላ፣ የወጣው ጨው ተመልሶ ይገባል፤ ውሃውም አብሮ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል። በቤታችን በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጁ ጨው ይጨመርባቸዋል፤ ስለዚህ ወጡ ላይ ጨው አለመነስነስ ብቻውን አይበቃም። ለበሽተኛው የሚሆነው በርበሬ ያለ ጨው ተለይቶ ቢፈጭ መልካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ጐልማሳ እንኳ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

ኪኒኑን ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ብዙ ጨው ወደ ቱቦው መጨረሻ ሲደርስ፣ ያ ክፍል ከጨው ውስጥ ሶዲየሙን በከፊል መልሶ በፈንታው ፖታስየም የተባለውን ማዕድን ያስወጣል። ፖታስየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብም አመታት ሊዛባ ይችላል። እግሯ ያበጠ ነፍሰ ጡር ሴትም የደም ግፊቷ ይመርመርላት እንጂ ይህን ኪኒን በራሷ ፈቃድ አትውሰድ። መድኃኒቱ በሐኪም የታዘዘለት ሰው ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢይዘው፣ ሰውነቱ ፈጥኖ ስለሚደርቅ፣ የሚቀጥለውን ኪኒን ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።