ከወንዙ ዳር ምን እናንሳ?

በ2011 ዓ.ም የአዲስ አበባ ወንዞችን ዳርቻ የማልማት ፕሮጀክት ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ በተለይም የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ከተዘረጋ በኋላ፣ የወንዝ ዳር መናፈሻ በየከተማው ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። ለዘመናት ቆሻሻ ሲጣልባቸው የኖሩ ወንዞች እንዲህ ትኩረት ማግኘታቸው የሚያስደስት ነው። ንድፉ ግን ከከተማ ከተማ ሲሻገር ብዙም አይለወጥም፤ ዳርና ዳሩን የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ በላይ የሚታጨድ ሣር፣ በሣሩ መካከል ጌጠኛ ንጣፍና የመብራት ምሰሶ። ይህ ንድፍ እንዳለ ተቀድቶ በካፋ ዞን ከተማ ቦንጋ ላይ ቢተከል ትልቅ ኪሳራ ነው ባይ ነኝ። እዚህ የወንዝ ዳር ሕይወት ገና አልጠፋም፤ ተገፍቶ ነው የቆመው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የገፋውን ነገር ለይቶ ማንሳት ነው፤ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።

ይህን ሐሳብ ሳነሳ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ የደኑ ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ሰፍሯል፤ ከከተማው ብዙ ሳይርቁ ጫካው ይጀምራል። ታዲያ ለዱር እንስሳ ብሎ ከተማ ውስጥ ቦታ መተው ምን ይሉታል? መልሱ ያለው በመሬቱ አቀማመጥ ላይ ነው። ደኑ ጎልቶ የተረፈው ለእርሻ በማይመች ተዳፋት ላይና የቡና ጥላ ሆኖ ባገለገለበት ነው። ወንዙ ተኝቶ የሚሄድበት ረባዳ መሬት ግን ለግጦሽ፣ ለአትክልት፣ ለባሕር ዛፍ ይፈለጋል፤ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው። የኮረብታው ደን ደግሞ ይህን ሊተካ አይችልም። ነጭ ጢም ያለው ደ ብራዛ ጦጣ ከወንዝ ዳር ዛፎች ብዙም አይርቅም። በራሱ ላይ ወርቃማ ጉንጉን የደፋው ረጅም እግር ወፍም የሚራባው በረግረግ ሣር ውስጥ እንጂ በቀረሮና በሰሳ ዛፍ ሥር አይደለም። የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡ በ2007 ዓ.ም በካፋ ባካሄደው የብዝኃ ሕይወት ዳሰሳ ከደኖቹ ጎን ለጎን የአለምጎኖንና የጎጀብን ረግረግ የፈተሸውም እነዚህ የየራሳቸው ነዋሪ ያላቸው ቦታዎች ስለሆኑ ነው።

አሁን አንድ የወንዝ አፋፍ ቀረብ ብለን እንይ። ውሃው ሸርሽሮ ያቆመው የአፈር ግድግዳ ለመሐንዲስ ዓይን ጉዳት ነው፤ ሊጠገን ይገባዋል። ዓሣ አጥማጅ ወፍ ግን እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ግድግዳ ላይ በምንቃሩ ቦርቡሮ በሚያወጣው ጠባብ ዋሻ ውስጥ ነው። ከበላይ የዶቅማ ሥር ተንጠልጥሎ አፈሩን ይዟል፤ ከሥሩ ጥላ በታች ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ትንንሽ ዓሦች ይጠጋሉ። ግንብ ሲሠራ ዋሻውም፣ ሥሩም፣ ጥላውም በአንድ ቀን ይሄዳሉ። ጎርፉስ? የሚል ይኖራል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የነሐሴን ደራሽ ውሃ ያየ ሰው ድልድይና መንገድ ያለ መከላከያ ይተው አይልም፤ እነሱ ባሉበት ጋቢዮንም ግንብም ያስፈልጋል። ነገር ግን ቀጥ ያለ ግንብ ውሃውን ያፋጥነዋል፤ የተፋጠነው ውሃ ደግሞ ግንቡ ባለቀበት የታችኛውን ሰው ማሳ ይበላል። ሲንጋፖር 2.7 ኪሎ ሜትር የኮንክሪት ቦይ አፍርሳ በቢሻን መናፈሻ ውስጥ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚጠማዘዝ ወንዝ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2012 ስትከፍት፣ ውሃው ሲሞላ የሚተኛበት ሰፊ መሬት ትታለት ነበር። ከዚያ ወዲህ አቆስጣዎች ከነግልገሎቻቸው መናፈሻው ውስጥ ታይተዋል። እኛ ገና ያልገነባነውን ኮንክሪት ለማፍረስ ወጪ የለብንም።

ችግኝ መትከልም ላይ የምለው አለ። በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በሐምሌ አፋፍ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ የነሐሴው ሙላት ይወስደዋል፤ ከዚያም በቀጣዩ ዓመት እዚያው ይተከላል። አኻያ ግን ቅርንጫፉ ተቆርጦ እርጥብ አፋፍ ውስጥ ጠልቆ ከተቸነከረ ያቆጠቁጣል። ከሱ ኋላ ቄጠማውና ጨፌው አፈሩን ከያዙ፣ የቀረውን የሚተክለው እንስሳው ነው። ሾላ ፍሬውን ግንዱ ላይ ዘለላ አድርጎ ሲያፈራ ጦጣው፣ ወፉና የሌሊት ወፉ በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ይህ የሚሠራው የዘር ምንጭ የሆነ ደን ቅርብ ሲኖር ነው፤ ብዙ ከተሞች ይህን ዕድል አጥተውታል፣ ቦንጋ ግን አላት። የሚጠበቅብን ባሕር ዛፉን ከውሃው ዳር ነቅሎ ማራቅ፣ ከብት እንዳይገባ ማጠርና ጥቂት ክረምት መታገሥ ነው። ትዕግሥቱ ይከብዳል፤ የመጀመሪያው ዓመት ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ቁጥቋጦ ብቻ ነውና።

ቁጥቋጦው ራሱ ያስፈራል። ትንኝ ይራባበታል፣ ጅብ ይደበቅበታል፣ ጦጣና ዝንጀሮ የጓሮ በቆሎ ይጨርሳሉ ይባላል። የወባ ትንኙ ነገር ሲመረመር ሥጋቱ ወደ ሌላ ቦታ ያመለክታል፦ በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ ኩሬ፣ የከብት ኮቴ ያቆረውንና አፈር የተቆፈረበትን ጉድጓድ ነው፤ ጥላ ያለው የሚፈስ ውሃ አይመቻትም። የደኅንነቱ ሥጋት ግን እውነት ነው። መንገዱን ከጥቅጥቁ ቦታ አርቆ፣ ዕይታ በሚከፍት ሜዳ በኩል ማሳለፍና መብራቱን እዚያ ብቻ መትከል ያስፈልጋል። የዝንጀሮው ጉዳት ደግሞ በቃላት አይካድም፤ ማሳው ከወንዙ ጋር የተጣበቀ ገበሬ ከመናፈሻው ምንም ሳያገኝ ኪሳራውን ብቻ እንዲሸከም መጠየቅ ግፍ ነው።

ግጦሹንና ማገዶውንም እንዲሁ። አጥር ሲታጠር ሣሩ ለማን ነው? ቄጠማውን ለበዓልና ለቡና ሥነ ሥርዓት አጭደው ገበያ የሚያወጡ ሴቶች፣ ኑሯቸው በማገዶና በከሰል ላይ የተመሠረተ የማንጃ ማኅበረሰብ ቤተሰቦች ከንድፉ ውጪ ከሆኑ አጥሩ አንድ ክረምት አይቆይም። ለዚህ አዲስ ዘዴ መፍጠር አያስፈልግም። ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባሉት ድርጅቶች በቦንጋ ደን ያስጀመሩት አሳታፊ የደን አስተዳደር ተጠቃሚውን በማኅበር አደራጅቶ፣ መብቱንና ግዴታውን በውል አስሮ ሠርቷል። ከተማ ውስጥ ያለውን የወንዝ ዳር በዚያው መንገድ፣ ሣሩን በተራ አጭዶ የመውሰድ መብትን ጨምሮ፣ ለአካባቢው ሰው ማስረከብ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የወንዙ ሕይወት ላይመለስ ይችላል፤ ምክንያቱም ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከመናፈሻው አጥር ውጪ ነው። የእሸት ቡና መፈልፈያ ፍሳሽ ስኳር የበዛበት ነው። ወንዝ ሲገባ ይብላላል፣ ውሃውን ያኮመጥጣል፣ ብስባሹን የሚበሉት ረቂቅ ሕዋሳትም በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። መጀመሪያ የሚያልቁት በድንጋይ ሥር የሚኖሩት የነፍሳት እጮች ናቸው፤ ከዚያ ዓሣው፣ ከዚያ ዓሣ አጥማጁ ወፍ። ነገሩን የሚያብሰው ፍሳሹ የሚለቀቀው ዝናቡ ባበቃና ወንዙ በጎደለበት ወቅት መሆኑ ነው። ቡና የዞኑ የጀርባ አጥንት ስለሆነ አትንኩት የሚሉ አሉ፤ ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ይዘጉ ያለ ግን የለም። ገለፈቱን ለይቶ ማዳበሪያ ማድረግ፣ ውሃውን በተደራረቡ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች አሳርፎ በቬቲቨር ሣር በተሸፈነ መሬት ላይ ማሳለፍ የታወቀ ሥራ ነው፤ ወጪውም ከጌጠኛ ንጣፍ አይብስም። ስለዚህ የመናፈሻ በጀት ሲያዝ የመጀመሪያው መስመር ለላይኛው ተፋሰስ ይሁን። ጉድጓዶቹ ከመስከረም በፊት ማለቅ አለባቸው፤ በጥቅምት እሸቱ መግባት ይጀምራል።