ስለ ጎንደር ግንብ ሠራተኞች

ልጆች ሆይ፤ በወርቃ ጎጆ ሲሠራ አይታችኋል። አንዱ ቀርከሃ ይሰነጥቃል፤ አንዱ ምሰሶ ይተክላል፤ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፤ ለሠራተኛውም ቆጮ ይጋግራሉ። ቤቱ በተፈጸመ ጊዜ ግን ሰው ኹሉ «የእገሌ ቤት» ይለዋል እንጂ የሠሩትን ሰዎች ስም አያነሣም። የነገሥታትም ግንብ ነገር እንዲሁ ነው።

በሰሜን በጎንደር ከተማ ፋሲል ግቢ የሚባል ታላቅ የግንብ ቅጥር አለ። ዐፄ ፋሲል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1636 ዓመት ገደማ ጎንደርን መናገሻ አደረጉ፤ በማዕዘኖቹም አራት ክብ ግንቦች ያሉትን ቤተ መንግሥት አሠሩ። ከእርሳቸው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ፥ ዐፄ ኢያሱ፥ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በዚያው ግቢ ሌላ ሌላ ግንብ ጨመሩ። የቅጥሩ ዙሪያ 900 ሜትር ያህል ነው፤ በሮቹም 12 ናቸው።

በግቢው ይሠራ የነበረውን ሥራ ከበሮቹ ስም መረዳት ይቻላል። ወምበር በር የዳኞች በር ነው። ባልደራስ ማለት የፈረሶች አለቃ ነውና ባልደራስ በር የፈረሰኞች ነበረ። እምቢልታ በርም የነፊዎች ነበረ።

ነገር ግን በር ያልተሰየመላቸው ሠራተኞች ይበዙ ነበር። ግብር በሚበላበት ቀን ንጉሥ በአዳራሽ ተቀምጦ ይታያል፤ እህል የፈጨችው፥ እንጀራ የጋገረችው፥ ጠጅ የጣለችው፥ ውሃና እንጨት የተሸከመችው ግን አትታይም። ፈረስ ያበላውም፥ ግቢ የጠረገውም አይታይም። እነርሱ አንድ ቀን ቢቀሩ ኖሮ ግብሩ ባልተበላም ነበር።

ግንቡ የተሠራው በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ የሚገኘው እንዲህ ነው፤ የኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ይቃጠላል፤ ከዚያም ውሃ ሲያፈሱበት ይፈላል፤ ፈርሶም ይልማል። ከአሸዋ ጋራ ተቦክቶ በድንጋዮች መካከል ሲገባ ቀስ በቀስ እየጠነከረ ያያይዛቸዋል።

በዚህ ሥራ ከደከሙት መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ እነርሱ በግንበኝነት፥ በአናጢነትና በብረት ሥራ የታወቁ ናቸው። ብልኀታቸው ለነገሥታት ተፈልጎ ሳለ ሰዎች «ቡዳ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ሰው በሠሩለት ቤት እያደረ ሠሪዎቹን መናቁ እንዴት ያለ ውለታ ቢስነት ነው!

የግንብ ሥራ ተሠርቶ አያልቅም። በክረምት በስንጥቁ የሚበቅለው ሣር ካልተነቀለ ሥሩ ድንጋዩን ይከፍተዋል፤ ውሃም ይገባል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ግንቡን በሲሚንቶ ጠገኑት፤ በ1941 ዓመትም በጦርነቱ ከአየር በወረደ ቦምብ ተጎዳ። ከጊዜ በኋላ ሠራተኞች ያን ሲሚንቶ አንሥተው በኖራ ተኩት። ሲሚንቶ እርጥበትን አፍኖ ድንጋዩን ይጎዳዋል፤ ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል። እንግዲህ የቀድሞዎቹ ግንበኞች ዕውቀት ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ገና አስፈለገ።

ፋሲል ግቢ በ1979 ዓመት በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በ2023 ዓመትም የእናንተ አገር የጌዴኦ ምድር በዚያው መዝገብ ገባ። ይህን ክብር ያመጣው በዛፍ ጥላ ሥር ቡናና እንሰት እየተከለ መሬቱን የጠበቀ ገበሬ ነው፤ የእርሱም ስም በድንጋይ አልተቀረጸም።

ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፤ እናታችሁ ውሃ ቀድታ ስትመጣ እንስራዋን ተቀበሏት። ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን ባያችሁ ጊዜ በአክብሮት ሰላምታ ስጧቸው። ሥራ ሰውን አያዋርድም፤ ሠራተኛን መናቅ ግን ናቂውን ያዋርደዋል።