ታጁራ፣ የሸዋ የድሮ በር

ከጥምቀት በኋላ በአራት መኪና ሆነን፣ በጋላፊ በኩል ወጥተን ታጁራ ደርሰን ተመለስን። ፎቶውን ያየ ሁሉ «ይሄ ደግሞ የት ነው?» እያለ በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ እዚሁ ለሁላችሁም ልመልስ።

ታጁራ የጅቡቲ ከተማ ናት። ከዋናው ከተማ ማዶ፣ በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎዳ ተራሮች ሥር ተቀምጣለች። ቤቶቿ ነጫጭ ናቸው፣ መስጊዶቿም ብዙ። የአፋር ሱልጣኗ እስከ ዛሬ «ዳርዳር» ይባላል። ከዳር እስከ ዳር በእግር ብትሄዱባት ቶሎ ታልቃለች።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ አንኮበር ነው። አንኮበር የወጣ ሰው ከታች አልዩ አምባን ያያል። የሲራራ ነጋዴ ከቆላ መጥቶ ግመሉን የሚያራግፍበት ትልቅ ገበያ ነበር። መንገዱ ከዚያ ወዴት እንደሚወርድ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? አንዱ ጫፉ ታጁራ ነው። በ1841 (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ገጸ በረከት ጭኖ የተነሳው ከዚህች ወደብ ነው። ከሸዋ የዝሆን ጥርስና ቡና ይወርዳል፤ ከታች ጨርቅ፣ ጨው፣ ኋላም ጠመንጃ ይወጣል። ባሮችም በዚሁ መንገድ ወርደዋል። እየተነዱ መጥተው፣ ታጁራ ላይ ጀልባ ተሳፍረው ባሕር ተሻገሩ። ባሕሩ ዳር ቆሜ ብዙ ያሰብኩት ስለ እነሱ ነው።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም ግጥሙን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመን ታጁራ ተቀምጧል። በ1885 መጨረሻ ለምኒልክ የሚሸጥ ወደ 2,000 ጠመንጃ ይዞ መጣ። ነገር ግን ፈረንሳዮች መሣሪያ እንዳያልፍ ከለከሉ፤ ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ፤ አብሮት ሊሄድ የነበረው ሶሌዬም ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል በጥቅምት 1886 ብቻውን ቅፍለቱን መርቶ ተነሳ፤ አንኮበር የገባው በየካቲት 1887 ነው። አራት ወር! እኛ በመኪና ሁለት ቀን ፈጅቶብን «ደከመን» ስንል ነበር።

መንገዱን ለጠየቃችሁኝ፦ ከጋላፊ በዲኪል አድርጋችሁ፣ ጅቡቲ ከተማ ሳትገቡ በስተግራ ትታጠፋላችሁ። ቪዛና የመኪና ወረቀት አስቀድማችሁ ጨርሱ። በመንገዳችሁ ላይ የአሳል ሐይቅ አለ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ዳሩ በጨው ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል። አፋሮች ይህንን ጨው በግመል ጭነው ለዘመናት ወደ ደጋው አውጥተዋል። ከከተማዋ አጠገብ ደግሞ በ2017 የተመረቀ አዲስ ወደብ አለ። ከታሰበለት ሥራ ዋናው የእኛን የአፋር ፖታሽ መጫን ነበር።

ምሳችን ዓሣ ነበር፤ በየመኖች አሠራር። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱታል፣ በርበሬ ቀብተው ጥልቅ በሆነ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ያንጠለጥሉታል። ቆዳው ጠቁሮ ሲሰነጣጠቅ ያወጡትና ከዚያው ምድጃ ከወጣ ሰፊ ቂጣ ጋር ያቀርቡታል። እንደዚያ ያለ ዓሣ በልቼ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን መንገድ ላይ ያየነውን ነው። ከአሳል መገንጠያ አለፍ እንዳልን፣ በዚያ ጥቁር ድንጋይ መሃል ሰባት ልጆች በአስፋልቱ ጠርዝ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ቆምን። በአማርኛ ሰላም ስንላቸው ደነገጡ። ከወሎ ናቸው። በኦቦክ ወደብ አድርገው የመን፣ ከየመን ሳዑዲ ሊሻገሩ ነው። አንደኛው የሃይላንድ ጠርሙስ በሲባጎ አስሮ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል፤ ውስጡ የቀረው ውሃ ሁለት ጣት አይሞላም። ነጠላ ጫማው በሽቦ ተጠግኗል። «ጋሼ፣ ኦቦክ ስንት ቀን ይቀረናል?» አለኝ። በእግር ሦስት አራት ቀን እንደሚሆን ነገርኩት። አልመለሰልኝም፤ ዞሮ ጓደኞቹን አያቸው። «ወንድሜ፣ ተመለሱ» አልኩት። «በምን ገንዘብ?» አለኝ። የያዝነውን ውሃና ቴምር ሰጥተናቸው ተለያየን። እስከ ታጁራ መኪናው ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም።

በየዓመቱ ሺዎች የሚያልፉበት መንገድ ነው፤ በውሃ ጥም የሚቀሩበትም አሉ። እኛ የሄድነው በጥር ነው፤ በበጋቸው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል።

ስለዚህ ወደ ታጁራ የምታስቡ፣ ሂዱ፤ አገሩ ደግ ነው። ስትሄዱ ግን በየመኪናው ለራሳችሁ ከሚበቃው በላይ ሁለት ጀሪካን ውሃ ጫኑ። ልጆቹን ስታዩ ፎቶ አታንሷቸው። ቁሙ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ሰላም በሏቸው፣ ውሃውን ስጧቸው።